ሰባት ቁጥር ጉድ ሠራችኝ፦ ሦስተኛው የሮኬት ቀኔ

ባለፈው ቅዳሜ ከሞዴል ሮኬት ክለባችን ጋር ለሦስተኛ ጊዜ ሮኬት ስናስወነጭፍ ዋልን። ቦታው ያው ሜሪላንድ ያለው የእርሻ ሜዳ ነው። በቆሎው ታጭዷል፣ የቀረው ጉቶ ጫማ ይበሳል። ሁለት ሮኬት ይዤ ሄጄ አንድ ተኩል ይዤ ተመለስኩ።

መንገድ ላይ ልጄ (ዘጠኝ ዓመቷ ነው) "አባዬ፣ ላውንች በአማርኛ ምንድን ነው?" አለችኝ። ማምጠቅ ልላት ነበር። ግን ማምጠቅ ታኅሣሥ 2012 ከቻይና ለተነሳችው ሳተላይታችን ይሁን ብዬ ተውኩት። ለኔ የካርቶን ቱቦ ማስወንጨፍ ይበቃታል። ከወንጭፍ ጋር ዘመድ ነው አልኳት። ከዚያ ወንጭፍን ማስረዳት መጣ፤ ማሽላው፣ ወፉ፣ ማማው፣ ድንጋዩ። ሰምታ ሰምታ "ታዲያ አያቴ ሮኬት ይተኩሱ ነበር?" አለች። ዝም አልኩ።

መጀመሪያ የወጣችው የሷ ሮኬት ናት። ትንሽ ናት፣ ሞተሯ ኤ8-3 (ፊደሉና ቁጥሮቹ ምን እንደሆኑ ወደ ታች እመጣበታለሁ)። ብርድ ስለነበር የላስቲክ ፓራሹቱ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ የሕፃን ፓውደር ነሰነስንበት። ይህቺን ዘዴ ያስተማሩን አንድ አዛውንት የክለቡ አባል ናቸው፤ ብርድ ላይ የምትሠሩ ሁሉ ሞክሯት። ከፓራሹቱ ሥር ደግሞ እሳት የማይበላው፣ ሶፍት የሚመስለው ወረቀት ላላ ብሎ ይገባል። እሱ ከተረሳ ፓራሹቱ በሞተሩ እሳት ቀልጦ ድቡልቡል ሆኖ ነው የሚወርደው። ባለፈው ወር አይቼዋለሁ፣ የማን እንደነበረ ግን አልናገርም።

ቁልፉን እኔ ተጫንኩ። እሷ ከአዛውንቱ ጋር መቶ ሜትር ርቃ፣ እቤት የሠራነውን መለኪያ ይዛ ቆማለች። ፕሮትራክተር፣ ስትሮው፣ ክር፣ ክሩ ጫፍ ላይ አንድ ዳዶ፤ ሌላ ነገር የለውም። ሮኬቷ ጫፍ ስትደርስ ክሩን በጣቷ ያዘችው። 40 ዲግሪ። የ40 ታንጀንት 0.84 ነው፣ በመቶ ሲባዛ 84 ሜትር። "የኔ ቁመትስ?" ብላ አንድ ሜትር አስጨመረችን። ልክ ናት፣ የለካችው ከዓይኗ ከፍታ ጀምራ ነዋ።

ቀጥሎ የኔ ተራ። ይህቺን ሮኬት ሦስት ሳምንት ለፍቼባታለሁ። ባልሳ ከሚባለው ቀላል እንጨት የተሠሩትን ክንፎቿን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ሦስት ጊዜ አረንጓዴ ቀብቻታለሁ። የደህንነት ኃላፊው እንደ ልማዱ አፍንጫዋን ሳብ አደረገ፣ ክንፎቿን ነቀነቀ፣ ሞተሩን ጠየቀ። "ሲ6-7" አልኩ። ቅንድቡን አነሳና ክብደቷን ጠየቀኝ። 65 ግራም አልኩት በሙሉ ልብ።

65 ግራም እውነት ነው፤ ቀለም ሳይቀባ፣ ፓራሹት ሳይገባ፣ ሞተር ሳይኖር። ሞተሩ ብቻ 24 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሜዳ ላይ የቆመችው ሮኬት ከመቶ ግራም በላይ ነበረች።

እዚህ ላይ የሞተሩን ፊደልና ቁጥሮች ነገር ላስረዳ፤ እኔን ያሳሳተችኝ የመጨረሻዋ ቁጥር ናት። ፊደሉ የሞተሩን ጠቅላላ ጉልበት ይናገራል፣ ከኤ ወደ ቢ፣ ከቢ ወደ ሲ ስንሄድ ጣሪያው እጥፍ ይሆናል። መሃል ያለው 6 አማካይ ግፊት ነው፣ በኒውተን። የመጨረሻው ቁጥር ግን ጉልበት አይደለም! ነዳጁ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ ያለው ሰከንድ ነው። እኔ ሱቅ ውስጥ አምስትና ሰባት ጎን ለጎን ሳይ፣ ትልቁ ይሻላል ብዬ ሰባቱን አነሳሁ። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

ቀላል ሮኬት ነዳጁ ካለቀ በኋላም ብዙ ትጓዛለች፣ ሰባት ሰከንድ ይስማማታል። የኔዋ ከባድ ስለሆነች አራት ሰከንድ ገደማ ላይ ደክማ ተገለበጠች። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ መሬት አድርጋ መጣች። "ሄድስ አፕ!" (ወደ ላይ እዩ፣ ተጠንቀቁ!) ተባለ፣ ሁሉም አንጋጠጠ። አምስት... ስድስት... ፓራሹቱ ወጣ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ግን ቀርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። በዚያ ፍጥነት ስትወርድ ፓራሹቱ ሲይዛት፣ ገመዱ እንደ ቢላ ሆኖ ቱቦውን ከአፉ ጀምሮ ሰነጠቀው። ሰዎቹ ዚፐር ይሉታል። ስሙ ልክ ነው፣ የተከፈተ ጃኬት መስላ ነው ያገኘኋት።

ኃላፊውን ልወቅሰው አልችልም። የነገርኩትን ነው ያመነው። አሁን ሮኬቱን የምመዝነው ሙሉ ለሙሉ ተዘጋጅቶ፣ ማስወንጨፊያ ዘንግ ላይ በሚወጣበት ሁኔታ ነው። የማዕድ ቤት ሚዛን ይበቃል። ቁጥሩን የሞተሩ ፓኮ ላይ ከተጻፈው የክብደት ጣሪያ ጋር አስተያዩት።

ባለፈው አንዱ ወንድም "ነዳጁን ቤት ብንቀምመውስ?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አይሆንም። ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራ የተፈጠረው ልጆች ራሳቸው በቀመሙት ነዳጅ እጃቸውን እንዳያጡ ተብሎ ጭምር ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. ኔብራስካ ውስጥ የመጀመሪያውን ሞዴል ሮኬት ከነሞተሩ የሠራው ኦርቪል ካርላይል የጫማ መደብር ባለቤት ነበር። ርችትም በደንብ ያውቅ ነበር። እኔና እናንተ አናውቅም።

እሑድ የተሰነጠቀውን ሰባት ሴንቲሜትር ቆርጬ ጣልኩት። ግን ሮኬት ከፊት ሲያጥር የክብደት ማዕከሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ያኔ በረራዋ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ አዲሱን ሲ6-5 ከትቼ፣ ሚዛን የምትጠብቅበት ቦታ ላይ ገመድ አስሬ፣ ግቢ ወጥቼ ከራሴ በላይ አሽከረከርኳት። አፍንጫዋን አስቀድማ ከዞረች ደህና ናት። ሁለት ዙር ተንገዳገደች፣ ከዚያ አፍንጫዋ ቀደመ።

ልጄ በረንዳ ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና "አባዬ፣ ወንጭፍ ያልከው ይሄ ነው?" አለች።