ጅቡቲ ደርሶ መልስ፦ ሹፌርነትን የሚመኝ ልጅ ከመንገድ ዳር የማያየው

ከባድ መኪና የሚጫወት ልጅ ሁለት ድምፅ በአፉ ያወጣል፤ የጥሩምባውን፣ መኪናው ሲቆም ደግሞ ከሥሩ የሚሰማውን «ጺስስ»። እኔንም ወደዚህ ሥራ የጠሩኝ እነዚህ ድምፆች ናቸው። «ጺስታው» ግን የጉልበት ማሳያ አይደለም። የንፋስ ፍሬኑ ኮምፕሬሰር ጋኖቹን ሞልቶ ሲጨርስ ማድረቂያው ያጠራቀመውን እርጥበት ሲተፋ ይሰማል፤ የእጅ ፍሬን ሲያዝም ከፍሬኑ ክፍል የሚለቀቀው ንፋስ ያው ድምፅ አለው። ሹፌር ጠዋት መጀመሪያ ጆሮ ሰጥቶ የሚመረምረው እሱኑ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚደረግ ጉዞ መሪ ከመጨበጡ በፊት ከመኪናው ሥር ይጀምራል። ሞተሩ ሳይነሳ የዘይቱ ልክ፣ ውሃውና ቺንጋው ይታያሉ፤ መሬት ላይ የተንጠባጠበ ነገር ካለ ከየት እንደመጣ ይፈለጋል። ቀጥሎ የንፋስ ጋኖቹን ከሥራቸው ባለው ማፍሰሻ መክፈት ነው። ትንሽ ውሃ ቢወጣ የተለመደ ነው። ዘይት የተቀላቀለበት ጥቁር ውሃ ከወጣ ግን ኮምፕሬሰሩ ዘይት ማሳለፍ ጀምሯል፤ ያ ዘይት የቫልቮቹን ጎማ ያበላሻል፣ ፍሬኑም መዘግየት ይጀምራል። ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ የንፋሱን ግፊት የሚያሳየው ጌጅ 8 ባር አካባቢ ሲደርስ መኪናው እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር ታኮ ይደረጋል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል፣ የእግር ፍሬኑ ለአንድ ደቂቃ ተረግጦ ይያዛል። በዚያች ደቂቃ ጌጁ ከ0.3 ባር በላይ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የመኪናውና የተሳቢው ቱቦዎች በሚጋጠሙበት ቦታ ባለው ጎማ ላይ ነው፤ የሳሙና ውሃ ሲቀቡት አረፋው ራሱ ያመለክታል።

ንፋስ ሲያልቅ መኪናው ፍሬን አልባ ይሆናል ብሎ የሚፈራ ብዙ ነው። የኋላው ፍሬን የተሠራው ግን በተቃራኒው ነው፦ ጠንካራ ሞላ ፍሬኑን ሁልጊዜ ይጫነዋል፣ ንፋሱ ሞላውን ጨምቆ ያስለቅቀዋል። ንፋሱ ከጠፋ ጎማው ይታሰራል። ቁልቁለት ላይ ይበልጥ የሚያስፈራው ሙቀት ነው። መንገዱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተነስቶ፣ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባሕሩ ዳር ያልቃል። ባለ ተሳቢ መኪና የሚጭነው 400 ኩንታል ብቻውን 40 ቶን ነው። የመኪናው የራሱ ክብደት ሳይጨመር፣ ይህ ጭነት 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ1,000 ሊትር በላይ ውሃን ከ20 ዲግሪ አንስቶ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ በፍሬን ሸራና ሸራው በሚጫነው የብረት ታምቡር ላይ ከወረደ ሸራው ተቃጥሎ መያዙን ይተዋል፤ ታምቡሩም ሲግል ስለሚሰፋ ከሸራው ይርቃል። ሹፌሩ ይረግጣል፣ መኪናው አይሰማም።

ስለዚህ ቁልቁለት የሚወረደው በማርሽ ነው፤ ማርሹም የሚመረጠው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው። መኪናው ከሮጠ በኋላ ማርሽ ልቀንስ ያለ ሹፌር ከአንዱ አውጥቶ ሌላው እምቢ ሊለው ይችላል፤ ያኔ ፍሪ ሆኖ ይወርዳል። የሞተር ፍሬኑ ዋናውን ሥራ ይሠራል። ፍጥነቱ ካሰበው በላይ ሲወጣ የእግር ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል መቀነስ፣ ከዚያ ፈጽሞ መልቀቅ። እግርን ፍሬን ላይ አሳርፎ መውረድ ሸራውን ያለ ዕረፍት ያበስለዋል። ሽታ ወይም ጭስ ከመጣ ሜዳ ፈልጎ መቆም፣ ታኮ ማድረግ፣ መጠበቅ። ውሃ ማፍሰስ ታምቡሩን ይሰነጥቃል። የእጅ ፍሬን መያዝም አይገባም፤ የጋለው ታምቡር በሸራው ላይ ተጨምቆ ሲቀዘቅዝ ይበላሻል።

በዚህ መስመር የከበደው ጭነት ዳገት የሚወጣ መሆኑ ለፍሬን ትልቅ እፎይታ ነው። ሀገሪቱ የምታስገባው ከምታስወጣው በክብደት እጅግ ስለሚበልጥ ብዙ መኪና የሚወርደው ባዶውን ነው። ቡና ወይም ሰሊጥ ያገኘ ጥቂት ነው። ስንመለስ ግን ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ ብረት፣ ኮንቴይነር ነው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነስቶ አሰብ ከተዘጋ ወዲህ የገቢ ዕቃው ጅቡቲ ላይ ተንጠልጥሏል። ባቡሩ በ2010 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም የመኪናው ሰልፍ አልቀረም።

ፈጣን መንገዱን እስከ አዳማ ብዙ የምለው የለኝም፤ የሚያምርና የሚያሰለች መንገድ ነው። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ እስከ መንገዱ ጠርዝ መጥቷል። አዋሽ ሰባት ኪሎን አልፎ የድሬዳዋው መንገድ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ እኛ በአዋሽ አርባ ወደ ገዋኔ። ከዚህ በኋላ የጎማ አገር ነው።

ረዳቱ በቆመበት ሁሉ ጎማውን በብረት ሲመታ ያየ ልጅ ልማድ ይመስለዋል። የሚሰማው ድምፁን ነው። ልኩን የያዘ ጎማ ብረቱን መልሶ ያነጥረዋል፤ የላላው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ግን በጥንድ ከተገጠሙት አንዱ ሲላላ ባልንጀራው ጭነቱን ስለሚሸከምለት ከውጭ ጤነኛ ይመስላል፣ ሁለቱም ግን ይጎዳሉ። የላላው ጎማ በየዙሩ ጎኑ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ከውስጥ ይግላል፤ የሽቦው ሽፋን ከጎማው ይላቀቃል፣ ይፈነዳል። የአፋር አስፋልት ላይ ተበትኖ የሚታየው የጎማ ቁራጭ አብዛኛው የዚህ ውጤት ነው። የንፋሱ ልክ የሚታየው ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ነው፤ ቸርኬው (የጎማው መሐል ብረት) ባለ 20 ኢንች ለሆነ ትልቅ ጎማ ብዙ ጊዜ 8 ባር አካባቢ ሲሆን ለሙሉ ጭነት የሚሆነው ልክ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። እየሄዱ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ይህ ታስቦበት የተሠራ ነው። «ሞቋል፣ ላስተንፍሰው» ብሎ ንፋስ የሚቀንስ ሰው ጎማውን ያላላዋል፣ የላላው ጎማ ይብስ ይግላል። ከብረቱ ይልቅ እጄን አምናለሁ፦ በቆምኩ ቁጥር መዳፌን ወደ እያንዳንዱ ጎማና ወደ መሐሉ አስጠጋለሁ። ጎማው ብቻ ከሌሎቹ ከጋለ ንፋስ ጎድሎታል። መሐሉ ከጋለ ወይ ኩሽኔታው አልቋል ወይ ፍሬኑ አልለቀቀም።

ጎማ መቀየር ካስፈለገ የጎማው ማሰሪያ ዳዶ ከመላላቱ በፊት የጥንዶቹን ጎማዎች ንፋስ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ግዴታ ነው። ካላማዳሪያ የሚይዘው ቸርኬ ማሰሪያ ቀለበት አለው፤ ቸርኬው ተሰንጥቆ ከሆነ ዳዶው ሲላላ ቀለበቱ እንደ ጥይት ይወጣል። ጎሚስታዎች ሲነፉ ከቀለበቱ ፊት ለፊት የማይቆሙት ለዚህ ነው። ሲታሰርም በዙሪያ ሳይሆን በመስቀለኛ፣ አንዱን ከዚያም ትይዩውን። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል። ከዳዶ ሥር የዝገት መስመር ወርዶ ከታየ ያ ዳዶ ላልቷል።

ሚሌ የኮምቦልቻው መንገድ የሚገናኘን ቦታ ነው፤ ጉምሩክና የክብደት ሚዛንም አለ። ሚዛኑ የሚያየው ጠቅላላውን ክብደት ብቻ ሳይሆን በየአክስሉ (ጎማዎቹ በተሰኩበት ዘንግ) ያረፈውን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካ ውስጥ የተደረገው የመንገድ ሙከራ ያሳየው፣ በአንድ አክስል ላይ ያለው ክብደት በእጥፍ ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ እንደሚጠጋ ነው። ስለዚህ ጠቅላላው ልክ ሆኖ ከኋላ የተከመረ ጭነት ያስይዛል፤ ሹፌሩም ጆንያ ሲያሸጋሽግ ይውላል። ሎግያና ሰመራን አልፈን፣ በሰርዶና በዲቾቶ በኩል ድንበሩ ላይ ወዳለው ጋላፊ። እዚህ የሚቆጠረው ወረቀት ነው፦ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ፓስፖርት፣ የትራንዚት ሰነድ፣ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ኢንሹራንስ። የሰሌዳው ቁጥር በአንዱ ላይ በአንድ አሃዝ ከተሳሳተ መኪናው እዚያው ያድራል። ዲኪልንና የግራንድ ባራን ሜዳ አቋርጦ ጅቡቲ።

በጅቡቲ የልጅነት ሕልም የሚፈተነው በመቆም ነው። በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ንፋሱ አሸዋ ይዞ ይመጣል። መርከቡ እስኪራገፍ፣ የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው ትራንዚተር ወረቀቱን እስኪጨርስ፣ ተራ እስኪደርስ ይጠበቃል። ሰልፉ በየጥቂቱ ስለሚንቀሳቀስ ጋቢና ውስጥ ተኝቶ መጠበቅ አይቻልም። በዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው 153ኛ ስምምነት ያለ ዕረፍት ከ4 ሰዓት፣ በቀን ከ9 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ መንዳትን ይከለክላል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ቀኑን በሰልፍ የዋለ ሹፌር ማታ መሪ ሲጨብጥ በሰዓት ቆጠራው «ያልነዳ»፣ በሰውነቱ ግን ያለቀ ሰው ነው። በእኔ እምነት የዚህ መስመር ትልቁ አደጋ እዚህ ይጸነሳል።

የጫንነው ማዳበሪያ ነበር፤ ባለ 50 ኪሎ 800 ጆንያ። የላይኛው ረድፍ ጆንያ የታችኛውን መገጣጠሚያ እንዲሸፍን ተደርጎ ይነባበራል። ክፍተት ወደ ፊት አይተውም፤ ማሰሪያው በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ የጭነቱን 80 በመቶ ወደ ፊት፣ 50 በመቶ ወደ ጎንና ወደ ኋላ መያዝ መቻል አለበትና። ዩሪያ እርጥበት ስለሚጠጣ የጭነቱ መሸፈኛ ሸራ ቀዳዳ ሊኖረው አይገባም። ሁለት ሸራ ከተደረበ የፊተኛው ከላይ ይሁን፤ ካልሆነ ንፋሱ ገብቶ ሸራውን ይነፋዋል፣ ገመዱም ይበጠሳል። ኮንቴይነር ቢሆን ደግሞ አራቱም የማዕዘን መቆለፊያዎች መዞራቸውን በዓይን ማየት፣ የማሸጊያውን ቁጥር ከሰነዱ ጋር አሃዝ በአሃዝ ማመሳከር ከበሩ ሳይወጡ ነው።

ስንመለስ አፋርን መቼ እናቋርጥ የሚለው ጥያቄ ቀላል መልስ የለውም። ሌሊት አስፋልቱ ይቀዘቅዛል፤ ለጎማውም ለሞተሩም ይሻላል። ለሰው ግን ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት ሰውነት በራሱ የሚደክምበት ሰዓት ነው። ግመልና ፍየልም ከቀኑ ትንሽ ሙቀት የተረፈው አስፋልት ላይ ይተኛሉ። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ጭነት ያለው መኪና፣ ሹፌሩ አይቶ እስኪረግጥና ንፋሱ ፍሬኑ እስኪደርስ ድረስ ያለው ተጨምሮ ለመቆም 80 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። አጭር መብራት የሚያሳየው ግን ወደ 60 ሜትር ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከ55 ሜትር በታች ይቆማል። ስለዚህ ሌሊት ከ60 አላልፍም፤ የሚጣደፉት ይለፉኝ። ግመል ሲመታ እግሩ ተቆርጦ ገላው ወደ ጋቢናው መስታወት ይመጣል።

የአራት ሰከንድ ማንጎላጀት በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 67 ሜትር ያለ ሹፌር መሄድ ነው። ጫት እንቅልፉን ይገፋዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ሲለቅ የተገፋው ሁሉ ባንዴ ይመጣል፣ ያውም ብዙ ጊዜ ሊነጋጋ ሲል። የተጠጣ ቡና ሰውነትን እስኪያነቃ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጠጥቶ ወዲያው 20 ደቂቃ መተኛት የሁለቱንም ጥቅም ይሰጣል። መስኮት መክፈትና ዘፈን ማስጮህ ግን እምብዛም አይረዱም። ያለፍኩትን መንደር ስም ማስታወስ ካቃተኝ የሚቀጥለው ሰፊ ቦታ ላይ እቆማለሁ።

ከአዋሽ ወደ አዳማ ዳገቱ ሞተሩን ይፈትናል። ማርሽ ዳገቱ ሥር ይቀነሳል፤ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ማስጨነቅ ጉልበትም አይሰጥ፣ ማራገቢያውም ቀስ ብሎ ስለሚዞር ውሃው ይፈላል። የሙቀት ጌጁ ሲወጣ ቆሞ ወዲያው ማጥፋት ተርቦውን ይጎዳል፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በቀላሉ እየሠራ ይቀዝቅዝ። የራዲያተሩ ክዳን ግን እጅ እስኪያስችል አይከፈትም፤ ግፊት ስላለው ፊት ይልጣል። ነዳጁ በ100 ኪሎ ሜትር ከ40 እስከ 50 ሊትር ነው፤ ዳገት ላይ ከዚህም ያልፋል።

መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ደግሞ ባለ ተሳቢን ወደ ኋላ ማስገባት አለ። ተሳቢው ሁለት ቦታ ስለሚታጠፍ መሪ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚዞረው፤ ከተቆለመመ ወደ ፊት ወጥቶ ማቅናት እንጂ እዚያው መታገል መሳቢያውን ያጣምመዋል። ረዳቱ ሁልጊዜ በስፖኪዮ በሚታይበት በኩል ይቁም፤ ከስፖኪዮ ከጠፋ መኪናው ይቆማል።

ማራገፊያው ላይ ጆንያ በጆንያ ይቆጠራል። ሹፌሩ ከቆጣሪው ጎን ቆሞ የራሱን ምልክት ይይዛል፤ የተቀደዱት ለብቻ፣ የፈሰሰው ተጠርጎ ለብቻ። ጉድለት ካለ ከሹፌሩ ላይ የሚታሰብ ስለሆነ፣ የገባው ብዛትና የተቀደደው በቁጥር ተለይተው በርክክብ ወረቀቱ ላይ ሳይጻፉ አይፈረምም። ቁጥሩ ካልተስማማ እንደገና መቆጠር ያለበት ጆንያው ከሌላ መኪና ጭነት ጋር ሳይደባለቅ ነው። ረዳቱ በዚህ መሐል ሸራውን አራግፎ ቀዳዳውን ይፈልጋል፣ ባሌስትራውን ግራሶ ይቀባል፣ በመንገድ የተቀየረውን ጎማ ዳዶ እንደገና ያጠብቃል።