የባሕሩ ሙላት ለምን ቀደመ?

አሜሪካ አንድ የሃይድሮሊክስ ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ ነው። አንድ ወደብ ትልልቅ መርከቦች ለማስገባት ብሎ የወንዙ አፍ ላይ ያለውን መተላለፊያ ማስቆፈር ፈለገ። ሰዉ የሚጠጣው ውሃ የሚቀዳው ከዚያው ወንዝ ከፍ ብሎ ነው። ቁፋሮው ጨዋማውን ውሃ እስከዚያ ድረስ ቢያስገባው ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ የወንዙን አፍ በሲሚንቶ አሳንሰን ሠራነው። ሚዛኑ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳውሳሊቶ ከተማ ካለው የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ሞዴል ጋር አንድ ነበር፤ ወደ ጎን 1 ለ1000፣ ወደ ታች 1 ለ100። ጥልቀቱም 1 ለ1000 ቢሆን 10 ሜትር ውሃ 1 ሳንቲሜትር ይሆንና ሰሃን ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ይቀራል። በዚህ ሚዛን ጊዜም መቶ እጥፍ ይፈጥናል። 24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ የሚፈጀው የባሕር መሙላትና መጉደል በ15 ደቂቃ ገደማ ያልቃል።

ጥልቀቱን ማጋነን ግን የራሱ ጣጣ አለው። ተዳፋቱም አብሮ ስለሚጋነን ውሃው ከልክ በላይ ይፈጥናል። እሱን ለመያዝ ወለሉ ላይ ስስ የመዳብ ቁራጮች ይተከላሉ። የሞዴሉ ሙላት እውነተኛው ወንዝ ላይ ከተለካው ጋር እስኪገጥም ድረስ አንዱን ማጠፍ፣ ሌላውን ማቅናት ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ለእኔ ግን የሞዴሉ ነፍስ እሱ ነው።

ቁፋሮው የሚያመጣውን አዲሱን ጥልቀት ሞከርን። ላይኛው መለኪያ ጋ ሙላቱ በጣም ቀድሞ ደረሰ። ጥልቅ ውሃ ላይ ሙላት እንደሚፈጥን የታወቀ ስለሆነ ማንም አልደነቀውም። ሪፖርቱ መጻፍ ተጀመረ። አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ብቻ «ከቁፋሮው በፊት ያለውን፣ የድሮውን ወለል መልሱና እንደገና እንየው» አሉ። ጊዜ የለንም ተባሉ። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

ወለሉ ተመለሰ። ሙላቱ አሁንም ቀደመ!

ቦት ጫማ አድርገን፣ ባትሪ ይዘን ሞዴሉ ውስጥ ገባን። ወንዙ የሚታጠፍበት ጋ ያሉት መዳቦች በሙሉ ወደ አንድ ጎን ተኝተዋል። ቅዳሜ ዕለት አልጌ ሲጸዳ በጠንካራ መጥረጊያ ተፈትገው ነው። ማንም ለጽዳት ሠራተኞቹ የመዳቦቹን ጥቅም አልነገራቸውም።

አንድ በአንድ አቀናናቸው። የድሮው ሙላት ከወንዙ መዝገብ ጋር ገጠመ። ከዚያ አዲሱን ጥልቀት ደገምነው። ሙላቱ ቀደመ፤ ግን መጀመሪያ ካየነው በጣም ባነሰ። ጨውም ወደ ላይ የሄደው ያነሰ መንገድ ነበር። የተጀመረው ሪፖርት ተቀደደ።

ዛሬ አብዛኛው ሥራ ኮምፒውተር ላይ ነው። የመዳቡን ቦታ የማኒንግ ኤን የሚሉት የሸካራነት ቁጥር ይዞታል፤ እሱንም አንድ ሰው ሳያስበው ሊነካካው ይችላል። ወጣት መሐንዲሶች የአዲስ ቁፋሮ ውጤት ሲያመጡልኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው የድሮውን ወለል ውጤት ነው፤ በዚያው ሳምንት የተሠራውን።