ያልተወቀረ ወፍጮ

ትናንት እማዬን ቦሌ ምሳ ጋበዝኳት። የገጠር ቤት አስመስለው ከሚሠሯቸው ምግብ ቤቶች አንዱ ነው። ጣሪያው ሳር፣ ግድግዳው ጭቃ ቅብ (ከሥሩ ብሎኬት ነው)፣ መቀመጫው በርጩማ።

መግቢያው ላይ የድንጋይ ወፍጮ አለ። ሰው ፎቶ ይነሳበታል። እማዬ ጎንበስ ብላ መዳፏን ድንጋዩ ላይ አሳለፈች። መጁንም አነሳ አድርጋ መለሰችው። ከዚያ አስተናጋጁን ጠራችው።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ አልተወቀረም። ልሟል። እንኳን ጤፍ ጨውም አይፈጭ።"

"ለዲኮር ነው እማማ።"

"እሱስ ገብቶኛል" አለችው፤ እጇን ግን አላነሳችም።

ረቡዕ ስለነበር ሽሮ አዘዝን። በሸክላ እየተንተከተከ መጣ። እውነቱን ለመናገር ይጣፍጣል። ሂሳቡ ከነ 15 በመቶ ቫቱ ሲመጣ ግን ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ብታየው ሽሮው አይወርድላትም።

እማዬ ልጅ ሆና ዶሮ ሳይጮህ እየተነሳች ትፈጭ ነበር። አዲስ አበባ ስትመጣ መጀመሪያ ያስደሰታት የሰፈሩ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ቤት እንደሆነ ስንቴ ነግራናለች። እኔ ደግሞ ከፍዬ የድንጋዩ አጠገብ መልሼ አስቀመጥኳት።

ስንወጣ ልጁን "መውቀሪያ ፈልጉና እኔ እወቅርላችኋለሁ" አለችው። ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።