የኤርፖርት ፈታሹ ወንበር ላይ የሚያርፉት ሁለት ጫናዎች

ሽሮ፣ በርበሬና ማር በእጅ ሻንጣ ይዞ ወደ አሜሪካ የሚጓዝ ሰው ሻንጣው ለምን እንደሚበረበር ግራ ይገባዋል። ምክንያቱ የኤክስሬዩ ቀለም ነው። ማሽኑ ብረትን በሰማያዊ፣ ምግብን፣ ሳሙናንና ፕላስቲክ ፈንጂን ደግሞ በብርቱካንማ ያሳያል። ጥቅጥቅ ብሎ የታሸገ ሽሮ ስክሪኑ ላይ ብርቱካንማ ጡብ ስለሚመስል ፈታሹ ከፍቶ ማየት አለበት። ከውጭ አገር ወደ አሜሪካ በሚደረጉ በረራዎች ከ2018 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ሊከለከል ይችላል። ቅቤና ማርም ከ100 ሚሊ ሊትር ከበለጡ አያልፉም። ሁሉንም ከታች በሚጫነው ሻንጣ ማድረግ ይሻላል።

ፈታሹ ምን ያህል ጠበቅ እንደሚያደርግ የሚወስነው ግን ቀለሙ ብቻ አይደለም። በዚያ ሰሞን አለቆቹ ይበልጥ የሚፈሩት ወቀሳ «ፈንጂ አለፈ» ነው ወይስ «ሰልፉ ረዘመ» የሚለውም ይወስነዋል።

ወንበሩ ላይ የሚሆነውን እንይ። ሻንጣዎቹ በየጥቂት ሰከንዱ ያልፋሉ። ከብዙ ሺህ ሻንጣ አንዱ ውስጥ እንኳ መሣሪያ ስለማይገኝ፣ ዓይን የማያገኘውን ነገር መፈለግ ያቆማል። ለዚህም ሲባል ሶፍትዌሩ አልፎ አልፎ በእውነተኛ ሻንጣ ምስል ላይ የውሸት ሽጉጥ ወይም ፈንጂ ይጨምራል። ፈታሹ ቁልፉን ከተጫነ ማሽኑ ፈተና እንደነበር ይነግረዋል፤ ካለፈው ይመዘገብበታል። ከጀርባው ደግሞ ሰልፉ እየረዘመ ነው፣ ተቆጣጣሪውም «ቶሎ ቶሎ» ይለዋል።

ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በፊት ፍተሻው የአየር መንገዶቹ ወጪ ስለነበር ሥራው በርካሽ ለሚሠራ የጥበቃ ድርጅት ይሰጥ ነበር። ኮንግረስ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ፍተሻውን የሚያካሂደውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ቲኤስኤን፣ ሲያቋቁም የማበረታቻው አቅጣጫ ተገለበጠ። ክልከላ ያነሳ ኃላፊ በማግስቱ ፈንጂ ቢያልፍበት ሥራውንም ስሙንም ያጣል። ሚሊዮኖች በየቀኑ ደቂቃዎቻቸውን ቢያባክኑ ግን ማንም በስሙ አይከሰውም። ጫማ ውስጥ ፈንጂ ሸሽጎ ለማፈንዳት የተሞከረው በ2001 መጨረሻ ሲሆን፣ መንገደኛውን ሁሉ ጫማ ማስወለቅ የቀረው በ2025 ነው።

ክልከላ ለማንሳት የደፈረም ነበር። በ2013 የቲኤስኤው ኃላፊ ጆን ፒስቶል ምላጩ ከ6 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ቢላዋ ይፈቀድ አሉ። የአብራሪው ክፍል በር ከጥቃቱ በኋላ ስለተጠናከረ ትንሽ ቢላዋ አውሮፕላን አይጥልም፤ የፈታሹ ትኩረት ፈንጂ ላይ ይሁን የሚል ሐሳብ ነበር። የበረራ አስተናጋጆች ማኅበራት ተነሡ፣ የኮንግረስ አባላትም ደገፏቸው፤ ሰኔ ላይ ሐሳቡ ተሰረዘ። አስተናጋጆቹ ላይ መፍረድ ይከብዳል፤ በሩ የሚጠብቀው አብራሪውን ነው እንጂ እነሱን አይደለም።

ሁለቱ ጫናዎች ፊት ለፊት የተጋጩት ግን በ2015 እና በ2016 ነው። መሥሪያ ቤቱ፣ 85 ዶላር ከፍሎ አስቀድሞ እየተጣራ በፈጣን መስመር የሚያልፍ መንገደኛ ይበዛል ብሎ የፈታሾቹን ቁጥር ቀንሶ ነበር። የተመዘገበው ሰው ከታሰበው ሲያንስ፣ ሰልፉን ለማሳጠር ያልተመዘገቡና አስቀድመው ያልተጣሩ ሰዎችም ወደ ፈጣኑ መስመር ይላኩ ጀመር። ሰኔ 2015 ላይ ፈታሾቹን ለመፈተን በድብቅ ከተደረጉ 70 ሙከራዎች በ67ቱ የተከለከለ ነገር ሳይያዝ ማለፉ ይፋ ወጣ። ተጠባባቂ ኃላፊው ከቦታቸው ተነሡ። አዲሱ ኃላፊ ፒተር ኔፈንገር ያንን አሠራር አስቆሙ፣ ፈታሾቹንም እንደገና አሠለጠኑ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ነገር ግን የተቀነሰው የሰው ኃይል አልተተካም።

በዓመቱ ግንቦት ላይ ሺካጎ ኦሄር ኤርፖርት ውስጥ በረራ ያመለጣቸው መንገደኞች ታጣፊ አልጋ ላይ አደሩ። የሰልፉ ቪዲዮ በየስልኩ ተዛመተ። ያኔ ኮንግረስ 34 ሚሊዮን ዶላር ለትርፍ ሰዓት ክፍያና ለቅጥር እንዲዛወር ፈቀደ፣ የ768 ፈታሾች ቅጥርም ተፋጠነ። የድብቅ ሙከራዎቹ ውጤት የአለቃ ለውጥ አመጣ፤ ሰው የሚያመጣውን ገንዘብ ያስገኘው ግን የሰልፉ ቪዲዮ ነው። እንዲህ ሲሆን መሥሪያ ቤቱ የሚማረው ገንዘብ የሚገኘው ሰልፍ ሲረዝም መሆኑን ነው። የጥራት ጉድለት ግን ሰልፍ የለውም፤ ጥቃት እስኪደርስ ድረስ አይታይም።

የሚያናድደው ገንዘቡ መኖሩ ነው። እያንዳንዱ መንገደኛ ለአንድ ጉዞ መሄጃ 5.60 ዶላር የደኅንነት ክፍያ ከቲኬቱ ጋር ይከፍላል። በ2013 በወጣ ሕግ ግን ከዚህ ገቢ በየዓመቱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወደ ፈታሾቹ ሳይሄድ የመንግሥትን የበጀት ጉድለት እንዲሸፍን ተደርጓል። አሜሪካ የምትኖሩና ለኮንግረስ ተወካያችሁ ስለ ሰልፍ የምትጽፉ ሁሉ፣ በዚያው ደብዳቤ ይህ ክፍያ ለፍተሻ ብቻ እንዲውል ጠይቁ። በድብቅ ሙከራዎቹ የሚያዘው ነገር መጨመር አለመጨመሩንም አብራችሁ ጠይቁ።