34 ወረቀቶች

ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ሲጮኽ ገና ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው። «ልጄ፣ ወረቀቱ አልወጣ አለ፤ መኪኖቹ ግቢ ውስጥ ተሰልፈዋል» አሉኝ። «መጣሁ እትዬ፤ እስክደርስ ማንም ምንም እንዳይነካ አደራ» ብዬ ዘጋሁት። ሌሊት መብራት ጠፍቶ እንደነበር አውቅ ስለነበር ችግሩ ከየት እንደሚጀምር ገምቻለሁ። የት እንደሚያልቅ ግን አልገመትኩም።

ድርጅታችን መድኃኒት ያከፋፍላል። አንዲት ካርቶን እንኳ ከመጋዘን የምትወጣው ሞዴል 22 የሚባለው የዕቃ ወጪ ማዘዣ ታትሞ ሲፈረምባት ነው፤ ያለዚያ ጥበቃው አያሳልፍም፣ ሊያሳልፍም አይገባም። ወረቀቱን ወደ ፕሪንተሩ የሚልከው በ1995 ዓ.ም. የተገዛ፣ ዩኒክስ የሚባል የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት፣ ከሲስተም ፋይቭ ዘር የሆነው፣ የተጫነበት ሰርቨር ነው። ይቀየራል ከተባለ ዓመታት አልፈዋል። እኔ አልንቀውም። ዩኒክስ በተወለደበት የአሜሪካ የምርምር ተቋም፣ ቤል ላብስ ውስጥ፣ የመጀመሪያውን እውነተኛ ደንበኛ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ደንበኛውም የተቋሙ የፓተንት (የፈጠራ መብት) ክፍል ነበር፣ ጸሐፊዎቹ ማመልከቻዎቻቸውን የሚያሰናዱበት። ስለዚህ ወረቀት ማሰናዳት ለዚህ ሥርዓት በኋላ የተለጠፈበት ሥራ አይደለም፤ ያደገበት እንጀራው ነው። ወረቀት አልወጣ ሲል የሚከፋኝ ለዚህም ጭምር ይመስለኛል።

ደርሼ የኅትመቱን ሁኔታ የሚያሳየውን ኤልፒስታት የሚለውን ትዕዛዝ ስሰጥ የመጀመሪያው መስመር ነገሩን ነገረኝ፤ የኅትመት ሥራዎችን ተራ የሚያስይዘው ፕሮግራም፣ ኤልፒስኬድ፣ እየሠራ አይደለም። ኤልፒስኬድን ሁልጊዜ የማስበው እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ ነው። ማን ቀድሞ እንደመጣ፣ ወደየትኛው ፕሪንተር እንደሚሄድ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሥራ ሲጀምር ስኬድሎክ የተባለ ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል፤ «እዚህ ተራ አስከባሪ አለ፣ ሌላ አይምጣ» ማለቱ ነው። በወጉ ሲዘጋ ምልክቱ ይነሳል። ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ግን ባለቤቱ ይሞትና ምልክቱ ይቀራል። ሰርቨሩ ተመልሶ ሲነሳ አዲሱ ተራ አስከባሪ ምልክቱን አይቶ፣ ሰው አለ ብሎ ይመለሳል።

መፍትሔው ፋይሉን መሰረዝ ነው። ከዚያ በፊት ግን እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን በሚዘረዝረው በፒኤስ ትዕዛዝ የቀድሞው በእርግጥ መሞቱን ማየት ያስፈልጋል። በሕይወት እያለ ምልክቱን ብታነሱበት ሁለት ተራ አስከባሪዎች በአንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ፤ የዚያን ጊዜ የሚመጣውን ትርምስ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል። አየሁ፤ ሞቷል። ፋይሉን አነሳሁ፣ ኤልፒስኬድን አስጀመርኩ። የቢሮው ፕሪንተር ወዲያው መንጫጫት ጀመረ።

የመጋዘኑ ግን ዝም አለ። በወረፋው ላይ 34 ወረቀቶች ተደርድረዋል።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። እኔም ተሳስቻለሁ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ገደማ፣ ገና አዲስ ሳለሁ፣ እንዲሁ ወረፋ ተዘጋና ሁሉንም ሰረዝኩ። «እንደገና ላኩ» አልኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ጎበዝ ተብዬ ተመሰገንኩ። ከሰረዝኳቸው ውስጥ ግን ሙሉ በሙሉ ታትመው ያለቁ፣ ከዝርዝሩ ሳይወጡ የቀሩ ነበሩ። እንደገና ሲላኩ ፕሮግራሙ አዲስ ቁጥር ሰጣቸው። አንዱ ዕቃ በሁለት ወረቀት ሁለት ጊዜ ወጣ። ነገሩ የታወቀው ሰኔ 30 ቆጠራ ሲደረግ ነው። ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት የቀራቸው ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ጉድለት ተገኘባቸው። ጋሼ ሁለት ወር ሙሉ በየቢሮው ደብዳቤ ይዘው ሲዞሩ አይቻለሁ፤ ከእኔ እጅ የወጣ መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ሄጄ ለኦዲተሮቹ ነገርኳቸው፣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አመሳከርን፣ ከጉድለቱ ነጻ ወጡ። እሳቸው ይቅር ብለውኛል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሳላይ የሰረዝኩት አንድም ወረቀት የለም።

ዛሬም መጀመሪያ ያደረግኩት የወረፋውን ማህደር እንዳለ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነበር። ቀጥሎ የፕሪንተሩን ሁኔታ አየሁ። በዚህ ሥርዓት አንድ ወረፋ ሁለት በሮች አሉት። የመግቢያው በር አክሰፕትና ሪጀክት በሚሉ ትዕዛዞች ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የመውጫው ደግሞ ኢኔብልና ዲስኤብል በሚሉት። ብዙ ሰው አንዱን ከሌላው አይለይም። የእኛ መግቢያው ክፍት፣ መውጫው ዝግ ነበር። ሰው እየገባ ይከማቻል፣ የሚወጣ የለም። ከመዝገቡ ላይ ምክንያቱን ፈለግኩ፤ ግንኙነቱ ተከልክሏል ይላል።

ፒንግ አደረግኩ፤ በኔትወርኩ ላይ «አለህ?» ብሎ መጠየቅ ማለት ነው። ፕሪንተሩ መለሰ።

ከ20 ደቂቃ በላይ የፈጀብኝ ይህ መልስ ነው። ኬብል ቀየርኩ፣ ፕሪንተሩን ከኔትወርኩ የሚያገናኘውን ሳጥን አጥፍቼ አበራሁ፤ ፒንጉ መልሱን ይሰጣል፣ ወረቀቱ ወደ ፕሪንተሩ የሚገባበት በር፣ 9100 ቁጥር ፖርት፣ ግን አይከፈትም። በመጨረሻ በኤአርፒ ትዕዛዝ የትኛው የኔትወርክ አድራሻ በየትኛው መሣሪያ እንደተያዘ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ አወጣሁና ሳጥኑን ገልብጬ ከሥሩ የተለጠፈውን የሃርድዌር አድራሻ አነበብኩ። አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግኩት። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች የአምራቹ መለያ ናቸው፤ በሰንጠረዡ ያሉትና በሳጥኑ ላይ ያሉት አይገናኙም። ያ ሁሉ ጊዜ «አለሁ» እያለ ሲመልስልኝ የነበረው ፕሪንተሩ አልነበረም፤ በቅርቡ በዋናው በር ላይ የተተከለው የጣት አሻራ መቆጣጠሪያ ነው።

ለካስ ሳጥኑ ቋሚ የኔትወርክ አድራሻ ኖሮት አያውቅም። በራሱ አድራሻ ከሚያድለው መሣሪያ፣ ከራውተሩ፣ ይቀበል ነበር፤ ለዓመታት ጠፍቶ ስለማያድር ያንኑ አድራሻ ሲያድስ ኖሯል። ትናንት ሌሊት ሁሉም አብረው ጠፉ፣ አብረው ተነሱ፤ የአሻራው መሣሪያ ቀድሞ ደረሰና ቦታውን ወሰደ። ለሳጥኑ ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጭ የሆነ ቋሚ አድራሻ ሰጠሁት፣ ሰርቨሩም እንዲያውቀው አደረግኩ።

አሁን በሩን መክፈት ብቻ ነው የቀረው። ከመክፈቴ በፊት ወደ መጋዘኑ ወረድኩ።

«እትዬ፣ ማታ በመጨረሻ የወጣልዎ የቱ ነው?»

ጠረጴዛቸው ላይ በወፍራም የብረት መቆንጠጫ የተያዘውን ጥራዝ አገላብጠው አሳዩኝ። የመጨረሻው ሙሉ ወረቀት ቁጥሩ በ417 ያልቃል። ከፕሪንተሩ ላይ ደግሞ ግማሹ የታተመ ወረቀት እንደተሰካ ቆይቷል። ጠርዞቹ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነው፣ ሦስት ቅጂ ያለው፣ ነጭ፣ ሮዝ፣ ቢጫ። ሰባተኛው መስመር ላይ የመድኃኒቱ ስም መሐሉ ላይ ተቆርጧል፤ የመጨረሻዋ ፊደል ጎን መርፌው የተወው ጥቁር ነጥብ አለ። ሮዙ ላይ ፈዝዞ፣ ቢጫው ላይ ከነጭራሹ አይታይም። «አልነካሁትም፣ አትንኩ ስላልክ» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ ደስ አለኝ።

ወደ ሰርቨሩ ተመልሼ በወረፋው የመጀመሪያውን ፋይል ከፍቼ አነበብኩት። ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በካት ትዕዛዝ ይነበባል። ቁጥሩ 418 ነው። እንግዲህ ግማሹ የወጣው ይህ ነው፤ ከሱ በፊት የጠፋ የለም፣ ከሱ በኋላ የተደገመ የለም። 418 ከመጀመሪያው እንዲታተም፣ ግማሹ ወረቀት ደግሞ የተሰረዘ ተብሎ ማኅተም ተመትቶበት በጥራዙ ውስጥ እንዲቀር ተስማማን። ከዚያ ኢኔብል አልኩ።

ባለመርፌው ፕሪንተር ድምፁ ለጆሮ አይመችም፤ ለእኔ ግን ዛሬ እንደ ዝናብ ነበር። እትዬ እያንዳንዱን እየቀደዱ ለሾፌሮቹ ሲሰጡ በር ላይ ቆሜ ቆጠርኩ፤ 34። የመጨረሻው መኪና ወደ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የሚሄድ ነበር። ሾፌሩ ከረፋዱ 5 ሰዓት ሲወጣ እጁን አውለበለበልኝ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ከመሸ በኋላ ሳይደርስ አልቀረም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሰርቨሩ ሲነሳ የሚሠራውን ስክሪፕት (የትዕዛዞች ዝርዝር) ከምሳ በኋላ አነበብኩት። አሮጌውን ስኬድሎክ የሚያነሳው መስመር አለ፣ ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ግን ከፊቱ ምልክት አድርጎ አቦዝኖታል። ለምን እንዳደረገው ማስታወሻ አልተወም። ምናልባት የራሱ ምክንያት ነበረው። እሑድ መጋዘኑ ዝግ ስለሆነ ያን ጊዜ መስመሩን እመልሰዋለሁ፤ ከጎኑም ቀኑንና ምክንያቱን እጽፋለሁ። የሳጥኑን አዲስ አድራሻ ዛሬውኑ በማርከር ጽፌ ከላዩ ለጥፌበታለሁ፣ እትዬ በፕላስተር አጠናክረውታል።