ፔጆዋ ደንገጎ ላይ ያዋረደችኝ ቀን

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ትንሽ ጋራዥ አለችኝ፣ የዕለት እንጀራዬ ባጃጅና ሚኒባስ ነው፣ ግን የድሮ መኪና ከመጣ ዋጋ ሳልነጋገር ኮፈን የምከፍት ሰው ነኝ፣ በሽታ በሉት። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ አንድ የሐረር ባለታክሲ ፔጆ 404ቱን እየነዳ መጣ። ፈረስ መጋላ ተደርድረው ሰው የሚጠብቁትን ፔጆዎች ሐረር የረገጠ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፣ ፈረንሳይ ቤት መኪናውን ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ነው የሠራችው፣ አስቡት እንግዲህ ዕድሜያቸውን። 1618 ሲሲ ሞተር ነው፣ ያውም በ45 ዲግሪ ጋደም ያለ፣ ኮፈኑን ስትከፍተው በርጫ ላይ ክንዱን ትራስ ላይ ጥሎ የተዝናና ሰው ነው የሚመስለው።

የመኪናዋ ካርቡሬተር፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ባለ አንድ ጉሮሮ ሶሌክስ ነው፣ አየሩን የምትከፍተውና የምትዘጋው የቢራቢሮዋ ዘንግ ከመበላቱ ብዛት በጣት ስትነካው ቀጭ ቀጭ ይላል፣ በዛ ክፍተት አየር እየገባ ሚኒሞ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይሰጣት ቀስ ብላ መዞር፣ አልይዝ ብሏታል። ባለታክሲው ዘመዱ ከጅቡቲ የላከለትን ዌበር 32/36 በፌስታል ይዞ ነው የመጣው። ይሄኛው ባለ ሁለት ጉሮሮ ነው፣ አንዱ 32 ሚሊ አንዱ 36፣ ቀስ ብለህ ስትነዳ ትንሹ ብቻ ይሠራል፣ እግርህን ስትጭን ትልቁ ይከተላል። "አቦ አንተ ብቻ ግጠምልኝ፣ ሌላውን ለኔ ተወው" አለኝ፣ አባቴ ይሆናል እኔም አንተ ነው የምለው፣ እኛ ሀገር አንቱ ብዙ አይሠራም።

ዌበሩ ፔጆዋ ማኒፎልድ ላይ፣ ድብልቁን ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቧንቧ ላይ፣ ቀጥታ አይቀመጥም፣ መሃል የሚገባ ሳህን ያስፈልገዋል፣ ቶርኖ ቤት ሄጄ አሉሚኒየም አስቆረጥኩ። አየር እንዳያልፍ መሃል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ራሴው ወረቀቱን ጠርዙ ላይ አስቀምጬ በመዶሻ ኳ ኳ እያደረግኩ ቆረጥኩት። ሳህኑን ሳስቀምጠው በጣም በትንሹ ይወዛወዛል። እዚህ ጋ ማቆም ነበረብኝ! ግን የድሬ ፀሐይ ነው፣ ሰዓቱ ሰባት ተኩል ነው፣ ሰውዬው ጫቱ በእጁ ይዞ ሰዓቱን እያየ ነው፣ ጓርኒሲዮኑን ድርብ አደረግኩና ዳዶዎቹን እስኪያቃስቱ አጠበቅኳቸው።

ከዛ ሚኒሞ ማስተካከል። ዌበር ላይ የታወቀ ነገር አለ፣ የሚኒሞዋ ብሎን ሙሉ ተዘግታ ከአንድ እስከ ሁለት ዙር ስትከፈት ሞተሩ ካማረ ጄቱ፣ ቤንዚን የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ ልክ ነው፣ ከሁለት በላይ ከጠየቀ ጄቱ ጠቦታል፣ ከአንድ በታች ከሆነ ሰፍቶታል። የኔዋ ሦስት ተኩል ጠየቀች። እኔም 55ቱን አውጥቼ 60 ከተትኩ፣ አልበቃትም፣ 65 ከተትኩ፣ ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት ነው፣ 55 ማለት 0.55 ሚሊ። ቤንዚን ስሰጣት ደግሞ ስታስነጥስብኝ እግር ሲጫን የሚሠራውን ዋናውን ጄት ከ135 ወደ 145 አሳደግኩት። የሞተሩን አየር የመሳብ ኃይል የሚለካውን ቫኪዩም ጌጅ ሰካሁ፣ 12 ኢንች፣ መርፌዋም ትንቀጠቀጣለች። ጤነኛ ሞተር ባህር ጠለል ላይ ከ17 እስከ 21 ያሳያል፣ ከፍ ስትል በየ300 ሜትሩ አንድ አንድ ይቀንሳል፣ ድሬ 1200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ስለዚህ አራት ቀንሼ "ያው ከፍታው ነው" አልኩ። ከ17 ላይ አራት ሲቀነስ 13 እንጂ 12 እንዳልሆነ አንደኛ ክፍል የተማረ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ደክሞኝ ስለነበር ሂሳቡን እንዲሞላ አደረግኩት። መርፌዋ ለምን እንደምትንቀጠቀጥማ ራሴን አልጠየቅኩም።

ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ስር አንድ ዙር ነዳናት፣ ሽው ትላለች፣ ከፈለኝ፣ መረቀኝ፣ ሄደ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስልክ ጮኸ። "አቦ ና መኪናህን ውሰድ!" መኪናዬ ሆነች ማለት ነው። ወደ ሐረር የሚያወጣው ደንገጎ ዳገት መሃል ቆሟል፣ ሰው ጭኗል። በሚኒባስ ተሳፍሬ ስደርስ ከርቀት ነው የቤንዚኑ ሽታ የተቀበለኝ፣ ማርሚታዋ ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ ተሳፋሪዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን አቅፈው ከላይ እስከታች አዩኝና "ይሄ ልጅ ነው የሠራት?" አሉ፣ ለኔ አይደለም፣ ለባለታክሲው። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ሳወጣቸው ከምድጃ ስር የለቀምኳቸው ነው የሚመስሉት፣ ጥቀርሻ በጥቀርሻ።

እርግጥ ከፍ ሲባል አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡሬተር ደግሞ ኮምፒውተር የለውም፣ ቤንዚኑን ቀዳዳው በፈቀደለት ልክ ያፈሳል፣ ስለዚህ ድሬ ላይ ልክ የሆነ ድብልቅ ደንገጎን ሲያልፍ ቤንዚን በዝቶበት መወፈሩ አይቀርም፣ ሐረማያ ጋ እኮ 2000 ሜትር ትነካለህ፣ ሐረርም 1880 አካባቢ ናት። ግን ይሄ የሚያመጣው ሦስት አራት ፐርሰንት ነው፣ ሰው አስወርዶ ድንጋይ ላይ አያስቀምጥም። ለሰውዬው ግን በሙሉ ልብ "ከፍታው ነው" አልኩት፣ ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ካንዴላዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ጠርጌ ዋናውን ወደ 135 መልሼ አብሬው ሐረር ገባሁ፣ ጭሱ ቀነሰ፣ እሷ ግን በቆመች ቁጥር እያስነጠሰች ትጠፋለች፣ ፈረስ መጋላ ስንደርስ ሌሎቹ ሹፌሮች ምን እንዳሉኝ እዚህ አልጽፈውም።

በማግስቱ መኪናዋን አውርደን ለገሀር አካባቢ ያለ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወሰድኳት፣ ዕድሜውን የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ የፈጀ ሰው ነው። ጄት ቁጥሩን፣ ዙሩን፣ ከፍታውን ምናምን ዘርዝሬ ስጨርስ "ጋሼ ምን ይመስልሃል?" አልኩት። መልስ የለም። ከጎን ካለችው ሻይ ቤት አንድ ብርጭቆ ውሃና ትንሽ ኦሞ አስመጣ፣ በብሩሽ መታው፣ ሞተሩ እየሠራ አረፋውን ሳህኑ ዙሪያ ቀባ። ሦስቱ ጎን አረፋው እንዳለ ቁጭ አለ። አራተኛው ጋ ስስ ፉጨት ነገር ተሰማና አረፋው ወደ ውስጥ ጥርግ ብሎ ገባ፣ ሞተሩም ወዲያው ድምፁን ቀየረ። ሽማግሌው ብሩሹን ብርጭቆው ውስጥ ጥሎ "ካርቡሬተሩ ምን አደረገህ?" አለኝ።

እኔ እኮ ሶሌክሱን ያወጣሁት አየር ይስባል ብዬ ነው፣ አየር የሚስብ ነገር ራሴ ሠርቼ ገጠምኩ። ሚኒሞዋ ሦስት ተኩል ዙር የጠየቀችው ጄቱ ጠቦ ሳይሆን በሳህኑ ስር የሚገባውን ትርፍ አየር ለማካካስ ነበር፣ እኔም ላንዱ ቀዳዳ ሌላ ቀዳዳ እያሰፋሁ ሄድኩ፣ ዳገት ላይ እግር ሲጫን ደግሞ ያ ክፍተት ከዋናው አየር ጋር ሲተያይ ኢምንት ስለሆነ የጨመርኩት ቤንዚን ብቻ ቀረ።

ሳህኑን አውጥተን የብረት ማስመሪያ ብንጥልበት በስሩ ብርሃን ያሳልፋል፣ ዳዶውን ሳቃስተው ይባስ አጉብጬዋለሁ። ሽማግሌው መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፎ በስምንት ቁጥር ፈገፈገው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ እኔ ልቀጥል ስል እጄን መታኝ። አንድ ጓርኒሲዮን ብቻ፣ ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ትንሽ ትንሽ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አንዴ ደግሞ። 55ቱ ተመለሰ፣ ብሎኗ አንድ ዙር ተኩል ላይ አማረች፣ ጌጁ 16 ላይ ቀጥ አለ። መኪናዋ የምትኖረው ሐረር ስለሆነ ዋናውን ጄት ከ135 ወደ 130 አወረድነው፣ ከፍታው የሚገባው ይቺን ታህል ነው።

የእጄን ዋጋ መለስኩለት፣ አራት አዲስ ካንዴላ ከኪሴ። ባለታክሲው አሁንም ድሬ ሲወርድ ጋራዤ በር ላይ ክላክስ ያደርጋል፣ አይወርድም፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ "አቦ ኦሞ አለህ ወይስ ልግዛልህ?" ይለኛል፣ ማርሽ ያስገባና ይሄዳል።