ከመወልወል በፊት፦ ለታሪካዊ ቤት ወዳጆች ማኅበር አባላት

በታሪካዊ ቤት ወዳጆች ማኅበር ውስጥ አዲስ የገባ በጎ ፈቃደኛ ቶሎ ብሎ ጨርቅና ውኃ ማንሣት ይቀናዋል። ቅን ልብ ነው፤ ግን ቤቱን ሊጎዳ የሚችለውም ይኸው ትጋት ነው። እያንዳንዱ ጽዳት ከዕቃው ላይ የሆነ ነገር ይዞ ይሄዳል። የብር ዕቃ በተወለወለ ቁጥር ብሩ ራሱ እየሳሳ፣ የተቀረጸበት ጽሑፍ እየጠፋ ይመጣል። ስለዚህ ዋናው ሙያ መወልወል ሳይሆን፣ መወልወል እንዳያስፈልግ አድርጎ መያዝ ነው።

ከአቧራው እንጀምር። ብሩሽ ከማንሣታችሁ በፊት የእጅ ባትሪ አብሩና ብርሃኑን ከጎን በኩል በዕቃው ላይ አስተኙት። የተነሣ ቀለም፣ የላላ ስስ የእንጨት ልባጥ፣ የተሰነጠቀ እንጨት ካለ ጥላው ያሳያችኋል። እንዲህ ያለውን ቦታ አትንኩት፤ መዝግቡና ለቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ተዉት። ጤነኛ ከሆነ በአንድ እጅ ለስላሳ የጠጉር ብሩሽ፣ በሌላው የቫኪዩሙን (የአቧራ መሳቢያ ማሽኑን) አፍ ያዙ። ማሽኑ በዝቅተኛው ኃይል ይሥራ። አፉ ላይ ስስ መረብ በላስቲክ ይታሰር፤ ድንገት ስንጥር ቢላቀቅ መረቡ ላይ ይቀራል። የብሩሹ ጠጉር የታሰረበት ቆርቆሮ ዕቃውን እንዳይቧጭር በፕላስተር ይጠቅለል። ከዚያ አቧራውን በብሩሹ ወደ ቫኪዩሙ አፍ እየገፋችሁ ከላይ ወደ ታች ውረዱ። አፉ ራሱ ዕቃውን አይነካም።

ላባ መጥረጊያ እዚህ ቦታ የለውም፤ አቧራውን ከመደርደሪያ ወደ አየር ያዛውረዋል፣ የተሰበረ የላባ አገዳም ይቧጭራል። እርጥብ ጨርቅ ደግሞ በወርቅ ቅብ ፍሬም ላይ ፈጽሞ አይታሰብም። ወርቁ የተለጠፈው ብዙ ጊዜ በጠመኔ ዱቄትና በእንስሳ ሙጫ በተሠራ ስስ ንጣፍ ላይ ነው፤ ውኃ ሲነካው ሙጫው ይሟሟል፣ ወርቁም በጨርቁ ተጠርጎ ይወጣል።

መጽሐፍ ከመደርደሪያ ሲወጣ ከጀርባው አናት ላይ በጣት አይጎተትም፤ መጀመሪያ የሚቀደደው ያ ቦታ ነው። ግራና ቀኝ ያሉትን ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ የምትፈልጉትን ወገቡ ላይ ያዙት። አጥብቃችሁ እንደ ዘጋችሁት ከጀርባው ወደ ፊት ለፊቱ ቦርሹ፤ ከላላ አቧራው በገጾቹ መካከል ይገባል።

ብርሃን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ያደበዘዘው ቀለም አይመለስምና። ለጨርቅ፣ ለውኃ ቀለም ሥዕልና ለወረቀት የተለመደው ልክ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው። ይህን በቀን 8 ሰዓት፣ በ365 ቀን ብታባዙት በዓመት 146,000 ሉክስ ሰዓት ይመጣል። መጋረጃ ተረስቶ 50,000 ሉክስ የፀሐይ ጨረር ጥልፍ ላይ ቢያርፍ የዓመቱ ድርሻ 3 ሰዓት ሳይሞላ አለቀ ማለት ነው። መጋረጃ የሚዘጋው ተረኛ ስሙ በወረቀት ላይ መኖሩ ለዚህ ነው። «አንዱ ይዘጋዋል» የተባለ መጋረጃ ሳይዘጋ ያድራል።

የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ከቆየ ሻጋታ ይነሣል፤ አቧራውም ዕቃው ላይ ይጋገርና በብሩሽ አልነሣ ይላል።

ብልን በተመለከተ፣ የሚበርረው አይበላም፤ የሚበላው ትሉ ነው። ሱፍ፣ ሐር፣ ላባና ጠጉር ይወዳል፤ ጨለማና የማይነካ ቦታ ይመርጣል። ስለዚህ ከከባድ ዕቃ ሥር ያለውን የምንጣፍ ጠርዝ እያነሣችሁ እዩ። የሚያጣብቁ ወጥመዶችን በግድግዳ ጥግ አስቀምጡ፤ ቁጥርና ቀን ጻፉባቸው። የተበላ የሱፍ ጨርቅ ከተገኘ በፕላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር 3 ቀን፣ ከዜሮ በታች 20 ብቻ ከሆነ 2 ሳምንት ይቆያል። ሲወጣ ወዲያው አትክፈቱት፤ ጤዛው ጨርቁ ላይ እንዳይወርድ አንድ ሙሉ ቀን እንደ ታሸገ ይቆይ። ሥዕልና ከብዙ ነገር የተገጣጠመ ዕቃ ግን ባለሙያ ሳይጠየቅ ፍሪዘር አይገባም።

እንግዶች ሲመጡ ደጃፍ ላይ ረጅም ምንጣፍ ይነጠፍ፤ ጠጠሩ ወለል ላይ ሳይሆን እዚያ ይቅር። የጀርባ ቦርሳ በእጅ ወይም በፊት ለፊት ይያዝ። ወንበር ስታዛውሩ ከመቀመጫው ሥር እንጂ ከክንዱ አታንሡ።

አንድ ነገር ቢሰበር ማስቲሽ አታንሡ። ደግ አስባችሁ ያደረጋችሁት ሙጫ ለባለሙያው ከስብራቱ የባሰ ሥራ ይሆንበታል። ሰው እንዳይረግጠው ቦታውን ዝጉ፣ ፎቶ አንሡ፣ ሽራፊውን ሁሉ ልቀሙ። እያንዳንዱን ለየብቻ በስስ ወረቀት ጠቅልላችሁ ክፍሉን፣ ቀኑንና የዕቃውን ቁጥር ጻፉበት። ወለሉ እስኪፈተሽ አይጠረግ፤ ቀድሞ ተጠርጎ ከሆነም የቫኪዩሙ ከረጢት ሳይበረበር አይጣል።